ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፦ ርቀቱ፣ የበረራ ሰዓቱና ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቤቴ አዲስ አበባ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ግማሹ ሐዋሳ። በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ እመላለሳለሁ። ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ ወደ ሐዋሳ ሊወርድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። «በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? በመኪናስ? የቱ ይሻላል?» አንዱን መልስ በስልክ መደጋገም ሰለቸኝና እዚህ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለሚደውል ሁሉ ይህንን ነው የምልከው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

በመኪና መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር፣ ማለትም ካርታ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አንዱ 270 ሌላው 285 ቢላችሁ አትከራከሩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ከቃሊቲ፣ ሌላው ከፒያሳ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጉዞ ናት።

መንገዱ ከአየሩ በ55 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚበልጠው። ይህ እንደ ሀገራችን ትልቅ ዕድል ነው። ባሕር ዳርንና ጎንደርን እዩ። በአየር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በመኪና ግን 175 ወይም 180 ይሆናል፤ ጣናን ዞሮ፣ ተራራ ወጥቶ ነውና የሚኬደው። የሐዋሳው መንገድ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ሜዳ ለሜዳ ይወርዳል። ለዚህም ነው በዚህ መስመር አውሮፕላን መኪናን እንደ ሌላው ቦታ በቀላሉ የማይበልጠው።

በረራው ስንት ደቂቃ ነው?

ቲኬቱ ላይ የምታዩት ብዙውን ጊዜ 45 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከመሬት ተነስቶ መሬት እስኪነካ ያለው ጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ ግማሽ ሰዓት አለፍ ቢል ነው።

ሒሳብ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ያፋጥጡኛል። አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበር የለም እንዴ? 220 ኪሎ ሜትር ታዲያ በ22 ደቂቃ አያልቅም? ያልቅ ነበር፤ ሜዳው ላይ በሙሉ ፍጥነት ተነስቶ በሙሉ ፍጥነት ቢያርፍ። አውሮፕላኑ ግን መጀመሪያ ከማቆሚያው ወጥቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ይንቀሳቀሳል። ተራ ይጠብቃል። ከተነሳ በኋላ ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ ይላል፤ ሊያርፍ ሲልም እንደዚያው። በእንዲህ ያለ አጭር መስመር በሙሉ ፍጥነት የሚበረው ትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ተሳፋሪው የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ውሃው ታድሎ ሳያልቅ «ቀበቷችሁን እሰሩ» ይባላል።

ሲሄድና ሲመለስ የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ብታዩ አትገረሙ። ነፋሱና የማኮብኮቢያው አቅጣጫ ነው።

አውሮፕላኑ ትንሹ ነው አሉ። ያስፈራል?

እናቴ «ማራገቢያ ያለው» ነው የምትለው። በዚህ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ኪው 400 የሚባለውን ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለሀገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበትን። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ሁለት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ቢላ ያለው ማራገቢያ አለው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው።

ማራገቢያ ስላለው አሮጌ ነው ማለት አይደለም። ለአጭር መንገድ ከጄት ይልቅ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ነው የተመረጠው። ድምፁ ግን አለ። ከማራገቢያው ትይዩ ከተቀመጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ነው። እኔ ወደ ኋላ መቀመጥ እመርጣለሁ። ደመና ውስጥ ሲገባም ከትልቁ አውሮፕላን ይልቅ ይንገጫገጫል፤ በተለይ በክረምትና ከሰዓት በኋላ። የጠዋቱ በረራ የተረጋጋ ነው።

ታዲያ 45 ደቂቃ ከሆነ ለምን በመኪና እንሄዳለን?

እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። የበረራ ሰዓትና የጉዞ ሰዓት አንድ አይደሉም።

አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር ተወራረድን። ሁለታችንም ጀሞ ነው የምንኖረው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአንድ ግቢ ወጣን፤ እሱ በመኪናው፣ እኔ በራይድ ወደ ቦሌ። በረራዬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነበር።

12 ሰዓት ከ50 ቦሌ ደረስኩ። ፍተሻ። ጫማ ማውለቅ፣ ቀበቶ ማውለቅ። ቼክ ኢን። እንደገና ፍተሻ፤ ቀበቶ እንደገና። ከዚያ መቀመጥ። ወንድሜ ደወለ፤ «ቱሉ ዲምቱን አልፌያለሁ» አለኝ። እኔ ወንበር ላይ ነኝ። ቆይቶ ደወለ፤ ሞጆ ነው። እኔ አሁንም ወንበር ላይ ነኝ፤ ቡና ይዣለሁ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። እሱ ያኔ ባቱ ቁጭ ብሎ ቁርስ እየበላ ነበር፤ ፎቶ ላከልኝ። 3 ሰዓት ከሩብ አረፍን። ሻንጣ ጠብቄ ወጣሁ። የሐዋሳ ኤርፖርት ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ እንደገና መኪና። ከተማ ስገባ 4 ሰዓት ከ10 ሆኗል።

እሱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ ማለት ነው። የቀደምኩት በአንድ ማኪያቶ ነው፤ እሱንም ጨርሼ አልተነሳሁም።

እንግዲህ ሒሳቡን በራሳችሁ አስሉት። ከቤት እስከ ቦሌ ያለው ሰዓት፣ ኤርፖርት ውስጥ የምትቆዩበት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት፣ በረራው፣ ከኤርፖርት እስከ ከተማ ያለው መንገድ። ቤታችሁ ገርጂ ወይም ቦሌ ከሆነ አውሮፕላኑ ያሸንፋል። ቤታችሁ ቃሊቲ ወይም ቱሉ ዲምቱ ከሆነ ወደ ቦሌ መመለስ ራሱ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዓለም ባንክ ወይም አየር ጤና ከሆነ ደግሞ በዕለቱ የትራፊክ ሁኔታ ይወሰናል።

ቲኬቱ ላይ 07:00 ይላል። ሰባት ሰዓት ማለት ነው?

አይደለም! ይህንን በደማቁ ጻፉት። ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው።

አክስቴ ዱባይ ያለች ልጇ ቲኬት ቆርጣ በቴሌግራም ላከችላት። 07:00 ይላል። አክስቴ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ ማንንም አልጠየቀችም። ጠዋት ቡናዋን አፍልታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ ለጎረቤት ቁልፍ ሰጥታ፣ «ቀደም ማለት ጥሩ ነው» ብላ አምስት ሰዓት ላይ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ከሄደ አራት ሰዓት ሆኖታል። ወረቀቱን ይዛ «ሰባት ይላል እኮ!» እያለች የተከራከረችውን ክርክር ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት ተነስቶ እስከ 24 ይቆጥራል። ወደ እኛ ለመመለስ ስድስት ቀንሱ፤ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ደግሞ አሥራ ሁለት ጨምራችሁ ቀንሱ። 07:00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 13:00 ከቀኑ 7 ሰዓት። 18:30 ምሽት 12 ሰዓት ተኩል። ከ07:00 በታች ከሆነ መቀነስ ስለማይሆን ስድስት ደምሩ፤ 05:30 ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ቀኑም እንደዚያው ነው። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቲኬት የምትልኩ ልጆች ሆይ፣ ፎቶውን ብቻ አትላኩ። ከሥሩ በአማርኛ «ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ውጪ» ብላችሁ ጻፉ። ይህን መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በራስ መኪና ከአራት እስከ አራት ሰዓት ተኩል። በጣም ማለዳ ከወጣችሁና መሐል ላይ ብዙ ካልቆማችሁ አራት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሆነ አምስትም ይሞላል። ሰዓቱን የሚበላው ደግሞ ሐዋሳ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ መውጣቱ ነው።

መንገዱ ሁለት ባሕርይ አለው። የመጀመሪያው ግማሽ የፍጥነት መንገድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ትገባላችሁ፤ ይሄ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ–አዳማ መንገድ ነው። ሞጆ አጠገብ ወደ ደቡብ ትታጠፉና የሞጆ–ሐዋሳን ትይዛላችሁ፤ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያደርሳል። እዚህ ላይ ከብት የለም፣ ባጃጅ የለም። ካርድ ወስዳችሁ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። የሚያሳስበው እንቅልፍና ጎማ ብቻ ነው። ያረጀ ጎማ ይዛችሁ በዚያ ሙቀትና በዚያ ፍጥነት አትሂዱ።

የሞጆ–ሐዋሳ መንገድ ሲታቀድ በአራት ክፍል ተከፍሎ፣ ለአራቱም የተለያየ አበዳሪ ነው የተገኘለት። ሞጆ–መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ መቂ–ባቱ የኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ባቱ–አርሲ ነጌሌ የዓለም ባንክ፣ አርሲ ነጌሌ–ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። አንድ መንገድ ላይ አራት የተለያየ ኪስ። «ለምን እኩል አላለቀም?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ከዚህ ጀምሩ።

ሁለተኛው ግማሽ በየከተማው የሚያልፈው የድሮው መንገድ ነው። አህያ ጋሪ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች፣ መንገድ ላይ የተኛ ላም፣ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅ። ላንጋኖ በግራ በኩል ነው። አርሲ ነጌሌ ስትደርሱ የአረቄው ሀገር መሆኑን ማንም አይነግራችሁም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሹፌር ከሆናችሁ ይለፋችሁ። ከዚያ ሻሸመኔ ናት። የባሌው፣ የወላይታውና የሐዋሳው መንገድ እዚያ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ትጨናነቃለች። ገበያ ቀን ከሆነ ለሻሸመኔ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያዙላት። ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ጥቁር ውሃን ስትሻገሩ ሐዋሳ ገባችሁ ማለት ነው።

ስትመለሱ መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ባቱ ላይ አሳ ግዙ። የእኛ ቤት ሰው ሐዋሳ ሄጄ ባዶ እጄን ከተመለስኩ «በአውሮፕላን ነው የመጣኸው?» ይለኛል።

በሌሊት መንዳትስ? ትራፊክ የለም ብዬ ነው።

ተዉት። መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ዳር ተበላሽቶ ድንጋይ ብቻ የተደረገለት ሲኖትራክ፣ ከፊት የሚመጣ የአይሱዙ ረጅም መብራት። ያተረፋችሁት አንድ ሰዓት አያዋጣም። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ይበቃል።

በየትኛውም ሰዓት ብትሄዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ያንን መስመር በየቀኑ ለሚሠራ ሹፌር ደውላችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ። ሹፌሮች ከማንም በፊት ይሰማሉ።

በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ከሆነስ?

አምስት ሰዓት አካባቢ ያዙ፤ ለቅጥቅጥ ደግሞ ስድስት። መነሻው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው።

ስለ ሚኒባስ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ረዳቱ «ሐዋሳ! ሐዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!» ካለ ገብታችሁ ወንበሮቹን ቁጠሩ። አንድ ሰው የቀረው መኪና ውስጥ እኔ ሦስተኛ ሆኜ ገብቼ አውቃለሁ። እስኪሞላ የምትጠብቁትን ጊዜም ከጉዞው ሰዓት ጋር ደምሩ። ጠዋት ቶሎ ይሞላል፤ ከሰዓት በኋላ ዕድላችሁ ነው። ትልልቆቹ ባሶች በሰዓታቸው ይነሳሉ፤ ቲኬታቸው ግን ከአንድ ቀን በፊት መቆረጥ አለበት።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። በወሩ ይቀየርና «ዋሸኸን» ትሉኛላችሁ። የሚኒባስና የባስ ዋጋ ግን ከአውሮፕላኑ በብዙ ያንሳል። ለአንድ ሰው አውሮፕላን የማይጎዳ ሊሆን ይችላል። አምስት ሆናችሁ ከሆነ ለአምስት ትኬት የምታወጡትን ከአንድ መኪና ነዳጅ ጋር አስተያዩት።

ባቡር የለም?

የለም። የአዲስ–ጅቡቲ ባቡር ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ወደ ሐዋሳ አይታጠፍም።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ነው የምንመጣው። ቦሌ ላይ ወዲያው ብንቀጥል ይሻላል?

ለእናንተ አውሮፕላኑ ያሸንፋል። ቦሌ ቀድሞውኑ ውስጥ ናችሁና። ከዋሽንግተን ስትበሩ አድራችሁ፣ እግራችሁ አብጦ፣ እንደገና አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ከመቀመጥ 45 ደቂቃዋን መጨረስ ይሻላል።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከተቻለ የሐዋሳውን ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ቲኬት ቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጣችሁ የሀገር ውስጡ የሻንጣ ኪሎ ያንሳል። ያንን ሁለት ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ ቦሌ ላይ ሚዛን ፊት ስትቆሙ ትርፍ ትከፍላላችሁ፤ ወይም ወለሉ ላይ ሻንጣ ከፍታችሁ ጫማና ሽቶ ስትመርጡ ትገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ የገባችሁበት ዓለም አቀፍ ቲኬት የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሆኑን ንገሩ። ለሀገር ውስጥ በረራ ቅናሽ አለው። ሦስተኛ፣ ሀገር የምትገቡት ቦሌ ላይ ነው። ኢሚግሬሽን የምታልፉት፣ ተርሚናል የምትቀይሩት እዚያው ነው። በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይኑራችሁ።

አራተኛው ነገር የእናንተ ውሳኔ አይደለም። ሐዋሳ ያለው ቤተሰብ አንድ አባዱላ ተከራይቶ፣ አበባ ይዞ፣ አያትን ከፊት አስቀምጦ 275 ኪሎ ሜትር ሊቀበላችሁ ከመጣ፣ አውሮፕላን የሚባል ነገር አታንሱ። ዝም ብላችሁ መኪናው ውስጥ ግቡ። ባቱ ላይ አሳ ይበላል።

የትኛው መስኮት ጋ ልቀመጥ?

ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ በግራ፣ ስትመለሱ በቀኝ። የጠዋቱ ሰማይ ጥርት ካለ በዚህ አጭር በረራ የምታዩትን በመኪና ሙሉ ቀን ብትነዱ አታዩትም።

መጀመሪያ የቆቃ ውሃ ያንጸባርቃል። ቀጥሎ ዝዋይ፤ በመሐሉ ደሴቶቹ ነጠብጣብ መስለው። ከዝዋይ ዳር የሚታየው ያ ሁሉ ነጭ ጣሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የአበባ እርሻ ነው። ከዚያ ሦስቱ ሐይቆች አንድ ላይ ይመጣሉ። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ሻይ በወተት ይመስላል። አብያታ ዙሪያውን ነጭ ጨዋማ መሬት ከቦታል። ሻላ ጥቁር ሰማያዊና ጥልቅ ነው። ጎን ለጎን ሆነው ሦስቱም በቀለም አይመሳሰሉም። በመኪና ስታልፉ አንዱን ወይም ሁለቱን በዛፍ መሐል ብቻ ነው የምታዩት። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ምንም አይጋርዳችሁም።

በቀኝ የተቀመጡም አያጡም፤ የጉራጌ ተራሮች በሩቁ ይታያሉ። ሐይቁ ግን በግራ ነው።

ሕፃን ይዤ ነው። ጆሮው አይታመምም?

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ 1,700 ገደማ። ስትሄዱ ከተነሳችሁበት ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ ነው የምታርፉት። ጆሮ የሚታፈነውም ወደ ታች ሲወረድ ነው። መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ስለዚህ ገና ቦሌ ላይ አጥግባችሁ አታስተኙት። አዋቂ ከሆናችሁ ማስቲካ ይበቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን በመኪና ቢሄድ ይሻለዋል።

ቲኬት የሚጠፋው መቼ ነው?

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው። አውሮፕላኑም፣ ባሱም፣ ሆቴሉም ይሞላል፤ መንገዱ ላይ ባነር የለጠፈ መኪና ይሰለፋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼ ጨምበላላ ሰሞንም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል ቀኑ የሚወሰነው ኮከብ በሚያዩ አያንቶዎች ነው፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ካላንደር ላይ ከመፈለግ ሐዋሳ ያለ ሰው ጠይቁ። የገናና የጥምቀት ሰሞን፣ እንዲሁም ትልልቅ ስብሰባዎች ሐዋሳ ላይ ሲኖሩ የጠዋቱ በረራ ቀድሞ ይሞላል።

ቲኬቱን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ቆርጣችሁ በቴሌብር መክፈል ትችላላችሁ። ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ፤ የቤት ስም አይሠራም። መታወቂያው ደግሞ ያልታደሰ እንዳይሆን።

ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል?

በአውሮፕላን፣ አዎ። የጠዋቱን ይዛችሁ የምሽቱን ትመለሳላችሁ። መሐል ላይ የአንድ ስብሰባና የአንድ ምሳ ጊዜ አለ። ምሳው አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቢሆን እመክራለሁ፤ ግን የመመለሻ ሰዓታችሁን እያያችሁ። አሳው ሲጠበስ አይቸኩልም።

በመኪና ከሆነ ተዉት። በአንድ ቀን 550 ኪሎ ሜትር ነው። ሹፌር አታድርቁ።

የምሄደው ሻሸመኔ ነው። ይርጋለም ነው። ዲላ ነው።

ሻሸመኔ ከሆነ በመኪና ሂዱ። በአውሮፕላን ሐዋሳ አርፎ 25 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ሰዓት አያተርፍም። ይርጋለምና ዲላ ከሐዋሳ በታች ናቸው። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለዲላ ሰው አውሮፕላኑ መልካም ነው፤ የቀረውን በመኪና መጨረስ አይከብድም። አርባ ምንጭ ከሆነ ግን በሐዋሳ አትዙሩ፤ የራሱ ኤርፖርት አለው።

አንተ ራስህ በምን ነው የምትሄደው?

ለመሄድ በመኪና፣ ለመመለስ በአውሮፕላን። ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል።

ስሄድ ማለዳ ነው። አዲስ አበባ ሳትነቃ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነኝ፤ መንገዱ የእኔ ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነዳጅ እንካፈላለን፤ እሱ እዚያው ስለሚቆይ መኪናውን ይዞት ይቀራል። ስመለስ ግን እሑድ ማታ ነው። እሑድ ማታ ከላንጋኖ፣ ከባቱ፣ ከቢሾፍቱ የሚመለሰው አዲስ አበቤ ሁሉ አንድ በር ላይ ነው የሚገባው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ ሰልፍ፣ ከዚያ እስከ ቃሊቲ የቆመ መኪና። በዚያ ሰዓት እኔ በቀኝ መስኮት ተቀምጬ ያንን ቀይ የፍሬን መብራት ከላይ አየዋለሁ። አንዳንዴ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው። አርፌ ስልኬን ስከፍት «የት ደረስክ?» የምለው እኔ ነኝ።